ከአዲስ አበባ እስከ አክራ፤ ስለ አየር ርቀትና ስለ ጉዞ ጊዜ የቀረበ የታሪክ ጥናት

1. የጥያቄው መነሻ

በሁለት አይሮፕላን ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት ስንት ነው ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ሊመስል ይችላል። ምድር አትሰፋም፤ አትጠብም፤ ከተሞችም ከቦታቸው አይነቃነቁም። ጉዞው ስንት ሰዓት ይፈጃል ለሚለው ጥያቄ ግን መልሱ እንደየዘመኑ የተለያየ ነው። ይህንንም ልዩነት አብዛኛው ሰው የአይሮፕላን ፍጥነት ውጤት ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሞተሩ ተሻሻለ፤ ሰዓቱም አጠረ ይባልና ነገሩ በዚያው ይዘጋል።

እኛ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህ አስተያየት ምን ያህል እውነት እንደ ሆነ ነው። ለምርመራችን የመረጥነውም በአዲስ አበባና በጋና ዋና ከተማ በአክራ መካከል ያለውን የአየር መንገድ ነው። ምርጫው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ ከተሞች አንዷ በአህጉራችን ምሥራቅ፥ ሌላዋ በምዕራብ ይገኛሉ። ከዚህም በላይ የአፍሪካ መንግሥታት በአንድነት መምከር በጀመሩበት ዘመን ጉባኤዎቹን ተራ በተራ ያስተናገዱት እነዚሁ ሁለት ከተሞች ናቸው። ስለዚህ ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ የመንገደኛ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የፖለቲካ ጉዳይም ነበር።

አንባቢ እንዳይደናገር አስቀድመን የምንገልጸው፥ ዓ.ም. ብለን የምንጽፈው ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ነው።

2. ርቀቱ እንዴት ይለካል?

በሉል ላይ አዲስ አበባንና አክራን በአንድ ክር አወጣጥረን ብናያይዛቸው ክሩ የሚያመለክተው አጭሩን የአየር ርቀት ነው። ይህም በስሌት 4,310 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። ክሩ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲያመራ ደቡብ ሱዳንን አቋርጦ፥ በመካከለኛው አፍሪካ ላይ አልፎ፥ በናይጄሪያ በኩል ወደ ጊኒ ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል።

ይሁን እንጂ አይሮፕላን ሁልጊዜ ክሩን ተከትሎ አይበርም። መካከለኛ ማረፊያ የሚያስፈልገው ከሆነ ርቀቱ ይጨምራል። ለምሳሌ በካርቱም በኩል ቢታሰብ፥ ከአዲስ አበባ እስከ ካርቱም 1,000 ኪሎ ሜትር፥ ከካርቱም እስከ አክራ 3,740 ኪሎ ሜትር፥ በድምሩ 4,740 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ጭማሪው ከአንድ አሥረኛ እምብዛም አይበልጥም። በፍራንክፈርት በኩል ቢታሰብ ግን ድምሩ ወደ 10,360 ኪሎ ሜትር፥ በለንደን በኩል ደግሞ ወደ 11,000 ኪሎ ሜትር ያድጋል። ይህ ከቀጥታው ርቀት ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ነው። አንባቢያችን እነዚህን ቁጥሮች እንዲያስታውስ እንለምናለን፤ ኋላ ላይ እንመለስባቸዋለንና።

ከርቀቱ ሌላ የመሬቱ ከፍታም ይቆጠራል። የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ወለል በላይ 2,334 ሜትር ሲሆን የአክራው 62 ሜትር ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ በባሕር ዳር ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። በሳሳ አየር ክንፍም ሞተርም ኃይላቸው ስለሚቀንስ፥ አይሮፕላኑ ለመነሣት ረዥም ሜዳ ይሻል፤ ሜዳው ካልበቃም ጭነት ወይም ነዳጅ መቀነስ ግድ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አይሮፕላን ከአክራ ወደ አዲስ አበባ ይዞ የሚመጣውን ያህል ክብደት ከአዲስ አበባ ይዞ ላይነሣ ይችላል። ርቀቱ አንድ ሲሆን የመሄጃውና የመመለሻው ችግር አንድ አይደለም ማለት ነው።

የሰዓት አቆጣጠርም መጠነኛ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የአክራ ሰዓት ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ነው። ከአዲስ አበባ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ተነሥቶ ስድስት ሰዓት የበረረ መንገደኛ አክራ ሲደርስ በአዲስ አበባ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ሳለ፥ በአክራ ገና ቀትር ነው። ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ቀኑ ይሸሸዋል። በዚህ ጽሑፍ የጉዞ ጊዜ የምንለው ሰዓት ቆጣሪው ላይ የሚታየውን ልዩነት ሳይሆን በእርግጥ ያለፈውን ጊዜ ነው።

3. አይሮፕላን በቅኝ ግዛት ዘመን

በምሥራቅና በምዕራብ አፍሪካ መካከል ያለውን ሰማይ አይሮፕላን አስቀድሞ አያውቀውም ነበር ብሎ ማሰብ ስሕተት ነው። የእንግሊዙ ኢምፔሪያል ኤርዌይስ በየካቲት 1928 ዓ.ም. ከካርቱም እስከ ሰሜን ናይጄሪያዋ ካኖ መስመር ከፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ አገራችን ከኢጣልያ ወራሪ ጋር በጦርነት ላይ ነበረች። መስመሩ በሚቀጥሉት ሁለት ዓመታት ውስጥ ወደ ሌጎስና ወደ አክራ ተራዘመ። ይህ መስመር ግን ለብቻው የቆመ አልነበረም፤ ከለንደን በካይሮ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ትልቁ መስመር ቅርንጫፍ ነበር። ዓላማውም አፍሪካን ከአፍሪካ ማገናኘት ሳይሆን ቅኝ ግዛቶችን ከገዢው ዋና ከተማ ጋር ማገናኘት ነበር።

ከዚያ የሁለተኛው ዓለም ጦርነት መጣ። ኢጣልያ በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት ውስጥ ስትገባ የሜዲቴራኒያን ባሕር ለእንግሊዝ መርከቦች አደገኛ ሆነ። በግብፅ ለሚዋጋው ጦር አይሮፕላን ማድረስ የግድ ስለነበረ፥ አይሮፕላኖቹ በሣጥን ታሽገው በጎልድ ኮስት ወደምትገኘው ወደ ታኮራዲ ወደብ በመርከብ ይጓጓዙ፤ እዚያም ተገጣጥመው በአህጉሩ ወገብ ላይ ይበርሩ ጀመር። መንገዱ በሌጎስ፥ በካኖ፥ በማይዱጉሪ፥ በፎር ላሚ፥ በኤል ጀኔይና፥ በኤል ፋሸርና በካርቱም እያለፈ እስከ ካይሮ 6,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። የመጀመሪያው ጓድ በአንድ ብሌንሃይም ቦምብ ጣይ መሪነት ስድስት ሃሪኬኖችን ይዞ በመስከረም 1933 ዓ.ም. ተነሥቶ በስድስተኛው ቀን ግብፅ ደረሰ። እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ በዚህ መንገድ አምስት ሺሕ ያህል አይሮፕላኖች አለፉ። በ1934 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካው ፓን አሜሪካን ኩባንያ አክራን ዋና ሰፈሩ አድርጎ ሰውና ዕቃ ወደ ካርቱምና ወደ ካይሮ ያመላልስ ነበር።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንድ ትልቅ ነገር አለ። ሃሪኬን ለአንድ ሰው የተሠራ፥ በአንድ ሙሊት ሩቅ መሄድ የማይችል የተዋጊ አይሮፕላን ነው። እንዲህ ያለ ትንሽ አይሮፕላን አህጉሩን ማቋረጥ ከቻለ፥ በምሥራቅና በምዕራብ መካከል የቆመው እንቅፋት በረሐውና ርቀቱ ብቻ ነበር ማለት አይቻልም። ኃያላኑ መንገዱን በፈለጉት ጊዜ ሠሩት፤ ሜዳውን ጠረጉት፤ ነዳጁንም አከማቹት። ጦርነቱ ሲያልቅና ፍላጎታቸው ሲያበቃ መንገዱ ያንን ክብሩን አጣ።

4. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ አቅጣጫ

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ትራንስኮንቲኔንታል ኤንድ ዌስተርን ኤይር ኩባንያ ጋር በተደረገ ስምምነት ተቋቋመ። የመጀመሪያው የውጭ አገር በረራም መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሆነ። አይሮፕላኖቹ ከጦርነቱ የተረፉ ዳግላስ ሲ-47፥ ማለት የዲሲ-3 የጦር ዓይነት ነበሩ። ከዚያ በኋላ የተከፈቱትን መስመሮች ስንመለከት ወደ ጂቡቲ፥ ወደ ኤደን፥ ወደ ናይሮቢ፥ ኋላም ወደ አቴንስ ሲዘረጉ እናያለን። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ አራት ሞተር ባላቸው አዳዲስ ዲሲ-6ቢ አይሮፕላኖች እስከ ፍራንክፈርት ተደረሰ። ሰሜን፥ ምሥራቅና ደቡብ ሲከፈቱ ምዕራብ ዘግይቷል።

ለምን ዘገየ? ገንዘብ የሚያስገኘው መንገደኛና ዕቃ ወደ ሰሜንና ወደ ባሕረ ዐረብ ስለነበረ ነው የሚል መልስ ይሰጣል። ይህን መልስ አንንቀውም። በዚያን ጊዜ ኢትዮጵያ ከጎልድ ኮስት ጋር ያላት ንግድ ከቁጥር የሚገባ አልነበረም፤ አየር መንገድም ባዶ ወንበር ይዞ መብረር አይችልም። ነገር ግን መልሱ ሙሉ አይደለም። መንገድ በሌለበት መንገደኛ አይቆጠርምና፥ የመንገደኛው ማነስ የመንገዱ አለመኖር ምክንያት ብቻ ሳይሆን ውጤቱም ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የፈቃድ ጉዳይ ነው። ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በቺካጎ የተፈረመው ዓለም አቀፍ የሲቪል አቪየሽን ስምምነት እያንዳንዱ መንግሥት ከግዛቱ በላይ ባለው ሰማይ ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጧል። መደበኛ የአየር አገልግሎት ያለ መንግሥት ፈቃድ በሌላ አገር ላይ ሊያልፍ ወይም ሊያርፍ አይችልም። መብቶቹም በደረጃ የተለዩ ናቸው፤ በሰማዩ ላይ ማለፍ አንድ ነው፤ ለነዳጅ ማረፍ ሌላ ነው፤ ከገዛ አገር የተሳፈረውን ማውረድና ወደ ገዛ አገር የሚሄደውን መጫን ሌላ ነው፤ በሁለት ባዕድ አገሮች መካከል መንገደኛ ማመላለስ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ አክራ የሚሄድ አይሮፕላን በካርቱም መንገደኛ ጨምሮ አክራ ማውረድ ቢፈልግ የሚያስፈልገው ይህ የመጨረሻው መብት ነው።

እስከ 1948 ዓ.ም. ድረስ በአዲስ አበባና በአክራ መካከል ያለው ሰማይ ከኢትዮጵያ ድንበር ቀጥሎ በሙሉ በቅኝ ገዢዎች እጅ ነበር። ፈቃድ የሚጠየቀው በካርቱም ወይም በፎር ላሚ ሳይሆን በለንደንና በፓሪስ ነበር። እነዚያ መንግሥታት ደግሞ የራሳቸው አየር መንገዶች ነበሯቸው።

5. የ1953 ዓ.ም. መስመር

ሱዳን በ1948 ዓ.ም.፥ ጋና በየካቲት 1949 ዓ.ም. ነፃ ወጡ። በሚያዝያ 1950 ዓ.ም. ነፃ የአፍሪካ መንግሥታት የመጀመሪያውን ጉባኤ በአክራ አደረጉ፤ ኢትዮጵያም ከስምንቱ ተካፋዮች አንዷ ነበረች። በዚያው ዓመት የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ተቋቁሞ መቀመጫው አዲስ አበባ ሆነ። ሁለተኛው የነፃ መንግሥታት ጉባኤ በሰኔ 1952 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተሰበሰበ። እንግዲህ አክራና አዲስ አበባ በአሳብ ሲቀራረቡ፥ መንገደኛው ግን ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ ለመሄድ ብዙ ጊዜ በአውሮፓ መዞር ነበረበት። ስለ አፍሪካ አንድነት ለመነጋገር በአውሮፓ ማለፍ ምን ዓይነት ትርጉም እንዳለው ማብራራት አያሻንም።

የአውሮፓውያኑ 1960 ዓመት ነገሩን ለወጠው። በዚያ ዓመት ካሜሩን በታኅሣሥ፥ ቶጎ በሚያዝያ፥ ዳሆሜ በሐምሌ መጨረሻ፥ ቻድ በነሐሴ መግቢያ፥ ናይጄሪያ በመስከረም ነፃ ወጡ። በክሩ ላይ የሚገኙት ሰማዮች አንድ በአንድ ባለቤታቸውን ለወጡ ማለት ነው። የናይጄሪያ ነፃነት በታወጀ ከአንድ ወር ጥቂት ቀናት በኋላ፥ በጥቅምት 1953 ዓ.ም. መጨረሻ፥ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አክራና ወደ ላይቤሪያዋ ሞንሮቪያ መብረር ጀመረ። አየር መንገዱ ይህንን ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካን ያገናኘ የመጀመሪያ መስመር አድርጎ ይቆጥረዋል። ከላይ እንዳየነው መንገዱ ራሱ አዲስ አልነበረም፤ የቀድሞዎቹ ማረፊያዎችም በሌሎች እጅ የተሠሩ ነበሩ። አዲሱ ነገር የአፍሪካ መንግሥት የሆነ አየር መንገድ ለአፍሪካውያን ጉዳይ ሲል መንገዱን መያዙ ነው።

ሥራ ላይ የዋለው ዲሲ-6ቢ ከሁለት ዓመት በላይ በአየር መንገዱ እጅ የነበረ ዓይነት መሆኑን ልብ ይሏል። ይኸው ዓይነት አይሮፕላን ቀድሞ ይሄድበት የነበረው ፍራንክፈርት ከአዲስ አበባ በቀጥታ 5,350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአክራ በአንድ ሺሕ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ስለዚህ ምዕራቡን የከፈተው አዲስ ሞተር አይደለም።

6. ጊዜውን ያሳጠረው ምንድን ነው?

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንመለስ። ዲሲ-6ቢ በሰዓት 480 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል ብለን እንነሣ። በፍራንክፈርት በኩል ለሚዞረው 10,360 ኪሎ ሜትር ሃያ ሁለት ሰዓት ገደማ የበረራ ጊዜ ያስፈልገዋል፤ በካርቱም በኩል ላለው 4,740 ኪሎ ሜትር ግን አሥር ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ስለዚህ አይሮፕላኑ ሳይለወጥ መንገዱ ብቻ በመለወጡ የተገኘው ትርፍ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። በአውሮፓ ማረፊያ ሌላ አይሮፕላን ሲጠበቅ የሚያልፈው ሌሊት፥ የሆቴሉ ወጪና የቪዛው ጣጣ በዚህ ውስጥ አልገባም።

ቀጥሎ ጀት መጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720ቢ ተረከበ፤ ለእርሱም የልደታው ሜዳ ስላልበቃ የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያ ተሠራ። ከጊዜ በኋላ የመጡት አይሮፕላኖች፥ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የገባው ቦይንግ 787 ጭምር፥ ጉዞውን ያለ መካከለኛ ማረፊያ የሚያደርሱ ሆነዋል። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አክራ ያለው ቀጥታ በረራ ስድስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከአሥሩ ሰዓት ላይ ጀት የቀነሰው እንግዲህ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያስገርመው ሌላው ስሌት ነው። በሰዓት 850 ኪሎ ሜትር የሚበር ጀት በፍራንክፈርት በኩል ቢዞር ከአሥራ ሁለት ሰዓት በላይ በአየር ላይ ይቆያል። ይኸውም በካርቱም በኩል ከሚሄደው ባለ ውልብልቢት ዲሲ-6ቢ የዘገየ ነው! ፈጣን አይሮፕላን በጠማማ መንገድ፥ ዘገምተኛ አይሮፕላን በቀና መንገድ ቢወዳደሩ ዘገምተኛው ይቀድማል። የጥያቄያችን መልስ በዚህ ውስጥ ይገኛል ብለን እናምናለን።

7. መንገድ መከፈቱ ብቻ ይበቃልን?

መስመር አንድ ጊዜ ከተከፈተ ጉዳዩ ያበቃለታል ማለት ግን አይደለም። ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በጥቅምት 1958 ዓ.ም. ደግሞ የመሪዎቹ ጉባኤ በአክራ ተደረገ። ዳሩ ግን ፕሬዚዳንት ክዋሜ ንክሩማ በየካቲት 1958 ዓ.ም. በወታደሮች ከሥልጣን ተወግደው ወደ ጊኒ ሄዱ። ጥቅምት 19 ቀን 1959 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደሚደረገው የድርጅቱ ስብሰባ ይጓዙ የነበሩት የጊኒ መልእክተኞች፥ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትራቸው ላንሳና ቤያቮጊ ጭምር፥ የተሳፈሩበት የፓን አሜሪካን አይሮፕላን አክራ ሲያርፍ በጋና ባለሥልጣኖች ተይዘው ወረዱ። ጊኒ በበኩሏ የአሜሪካንን አምባሳደር በቤቱ አገተች። መልእክተኞቹ የተለቀቁት ከአንድ ሳምንት በኋላ፥ የአፍሪካ መንግሥታት ካማለዱ ወዲያ ነው።

ይህ ድርጊት ስለ ጉዞ ጊዜ ብዙ ያስተምራል። ከአክራ እስከ አዲስ አበባ ያለው የሰዓታት ጉዞ ለእነዚያ መንገደኞች ለአንድ ሳምንት ተቋረጠ። ሞተሩ አልተበላሸም፤ ነፋሱም አልተቃወመም። ያዘገያቸው የሁለት መንግሥታት ጠብ ነው።

ከዚያም በኋላ የፈቃዱ ጥያቄ እንደ ተንጠለጠለ ቆየ። የቅኝ ገዢዎች ሰማይ በነፃ መንግሥታት ሰማይ ቢተካም፥ ብዙዎቹ አዳዲስ መንግሥታት የየራሳቸውን አየር መንገድ ለመጠበቅ ሲሉ በራቸውን ለጎረቤት ማጥበብን መረጡ። ይህን ለማስተካከል የአፍሪካ መንግሥታት በ1981 ዓ.ም. በኮት ዲቯሯ ያሙሱክሮ መግለጫ አወጡ፤ በኅዳር 1992 ዓ.ም. በዚያችው ከተማ ሰማዩን እርስ በርስ ለመክፈት ወሰኑ። በጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ በአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ላይ የአፍሪካ አንድ የአየር ትራንስፖርት ገበያ የተባለው ዕቅድ በአዲስ አበባ ይፋ ሆነ። ከመግለጫው እስከ ዕቅዱ ሃያ ዘጠኝ ዓመት አለፈ። በዚህ ዘመን ውስጥ የጋና አየር መንገድ ራሱ በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ሥራውን አቁሟል፤ የተዘጋ በር ባለቤቱን ሁልጊዜ አያድንምና። ከአንድ የአፍሪካ ከተማ ወደ ሌላ የአፍሪካ ከተማ ለመሄድ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ዐረብ ከተሞች መዞርም ዛሬ ፈጽሞ የቀረ ነገር አይደለም።

8. መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ ሦስት ነገሮችን እናጠቃልላለን። አንደኛ፥ በአዲስ አበባና በአክራ መካከል ያለው ርቀት አንድ ቢሆንም የጉዞው ጊዜ የታሪክ ሥራ ነው። ሁለተኛ፥ ጊዜውን ለማሳጠር መሣሪያ፥ የማረፊያ ሜዳና ፈቃድ ያስፈልጋሉ፤ ከሦስቱም ዘግይቶ የመጣው ፈቃድ ነው። መሣሪያው በ1933 ዓ.ም. ነበረ፤ ሜዳውም በዚያው ዘመን ተጠርጎ ነበር፤ ፈቃዱ ግን የአፍሪካን ነፃነት ይጠብቅ ነበር። ሦስተኛ፥ ፈቃድ አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚቀር ሳይሆን በየጊዜው የሚታደስ ነገር ነው፤ በጎረቤታሞች መካከል መተማመን ሲጎድል አጭሩ መንገድ ይረዝማል።

የአየር መንገድ ታሪክን የሚያጠኑ ጓደኞቻችን የሞተሩን ኃይልና የክንፉን ስፋት በጥንቃቄ ሲመዘግቡ ደስ ይለናል። ከዚያ ጎን ለጎን ግን የስምምነቶቹን መዝገብ እንዲያገላብጡ እናሳስባለን። አንድ መንገደኛ ከአፍሪካ ወደ አፍሪካ ሲሄድ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት የሚወሰነው ከአይሮፕላኑ ክፍል ይልቅ አስቀድሞ በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነውና።